ጀርባዬን የሰጠሁበት በር

ሥራዬ በር ማንኳኳት ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በአል ዐይን ከተማ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ የሰው የብረት በር እያንኳኳሁ ሴት ልጆችን ኮሌጅ አድርሻለሁ። ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ልጄ ራሕማ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ በስሟ አዛወረችልኝና አሁን አቡ ዳቢ፣ ሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ፣ እሷ ቤት ነኝ። የልጅ ልጄ ኢማን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። በቀደም ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "አያቴ ባስ ሌዲ ነበረች" አለች።

ስልኩን እስክትዘጋ ጠበቅኳትና "ነይ እስቲ እዚህ" አልኳት።

"ምን አጠፋሁ፣ እማዬ?"

"ባስ ሌዲ ማለት ምንድን ነው?"

"ኖ፣ አይ ሚን... ባሱ ውስጥ የምትቀመጭው።"

"ተቀምጬ አላውቅም" አልኳት።

እውነቴን ነው። ሙሽሪፋ ማለት ተማሪዎቹን ከቤታቸው በር ተቀብላ የኮሌጁ በር ላይ የምታስረክብ፣ ከሰዓት ደግሞ መልሳ ቤታቸው የምታደርስ ሴት ናት። ሥራው የቁም ሥራ ነው። ለኢማን ላስረዳት ጀመርኩና ግማሽ መንገድ ላይ ስልኳ ጠራ። ስለዚህ ጻፍኩት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የፊደል ስህተት ይኖረዋል። ራሕማ ፊደሉን ታርመው፤ ሐሳቡን ግን እንዳትነካብኝ።

የተወለድኩት ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። አራተኛ ክፍልን ስንጨርስ ወንድሜ አምስተኛ ገባ፣ እኔ ተዳርኩ። በማርክ የበለጥኩት እኔ ነበርኩ። ወንድሜን ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። አላህ ይዘንለትና "የሚገባት ለዘሀራ ነው" ብሎ አባታችን ፊት አልቅሷል። ግን ያን ጊዜ የገባብኝ ነገር እስከዛሬ አልወጣልኝም። ለሁለት ሰው እኩል ያልደረሰ ነገር ካየሁ መተኛት አልችልም።

ባሌ ሲሞት ራሕማን ለእናቴ ትቼ አቡ ዳቢ መጣሁ፤ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ። ማዳሜ አስተማሪ ነበረች፤ ባሏ ወደ አል ዐይን ሲዛወር ተከትያቸው ሄድኩ። እዚያ ነው አንድ ቀን "የሴቶቹ ኮሌጅ ለባስ ሙሽሪፋ ይፈልጋል፤ አንቺ ማንንም ስለማትፈሪ ይሆንሻል" ያለችኝ። እሷ ራሷ ካፊሌን፣ የሥራ ዋሴን፣ ወደ ኮሌጁ አዛወረችልኝ። ደሞዙ ከቤቱ ሥራ ብዙም አይበልጥም ነበር። ግን ዓርብ የራሴ ቀን ሆነ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ሲት ነፊሳ ናት። የኦምዱርማን ሰው፣ ረጅም፣ ነጭ ቶቧን ተከናንባ የምትሄድ ሱዳናዊት። ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ከባሱ የምትወርደው የብረቱን መደገፊያ ይዛ ቀስ ብላ ነው። ግን ሳትወርድ ያለፈችው አንድም በር የለም። የሌሎች ባሶች ሾፌሮች ክላክስ ያደርጋሉ። የእኛ ሾፌር ጉል ኻን፣ ከፔሻዋር በኩል የመጣ ዝምተኛ ሰው፣ ክላክሱን ነክቶ አያውቅም። ሲት ነፊሳ በመጀመሪያው ቀን "የሰው ልጅ አደራ ልትቀበል መጥተህ ታስጮህበታለህ?" ብላዋለች።

ማንኳኳቱ የራሱ ሥርዓት ነበረው። በጣቷ ባለው የብር ቀለበት ሦስት ጊዜ በሩን መታ መታ ታደርጋለች። ከዚያ ዞር ትልና ለበሩ ጀርባዋን ትሰጣለች። ልጅቷ ወጥታ "ሰላም አለይኩም" እስክትላት ፊቷን አትመልስም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"በሩ ሲከፈት ዓይንሽ ግቢያቸው ውስጥ እንዳይገባ ነዋ" አለችኝ። "ምን እንዳላቸው ምን እንደሌላቸው አንቺን አያገባሽም። አባትየው ይህን ካየ ነገም ልጁን ይሰጥሻል።"

መንገድ ላይ ልጆቹን በስማቸው አትጠራም። ከባሱ ውጪ ሁሉም "ልጄ" ናቸው፤ ስም የሚጠራው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ ትርፍ ጥቁር ሻሽ፣ እስክሪብቶ፣ ሞዴስና ተምር አይጠፋም። ለፈተና ቀን ተምሩ እጥፍ ይሆናል።

ያን ጊዜ ባሱ ግማሹ ባዶ ነበር። ልጆቻቸውን ለመስጠት የሚያመነቱ አባቶች ብዙ ነበሩ። አንዱ አባት ልጁን ባስ ላይ አሳፍሮ በፒክአፑ ከኋላችን እየተከተለ ኮሌጁ ድረስ ይሄዳል። ወሩን ሙሉ እንዲህ አደረገ። አንድ ቀን ሲት ነፊሳ ባሱን አስቁማ፣ እያነከሰች ወደ ፒክአፑ ሄዳ በመስኮቱ ተምር ሰጠችው።

"ቤንዚንህ ሲያልቅ ንገረኝ፣ ባሱ ላይ ቦታ አለ" አለችው።

ሰውየው ሳቀ። በማግሥቱ አልተከተለንም። በዓመቱ የልጅቷን ሁለት ታናናሾች ጨመረልን። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ባሱ ሞልቶ ሁለተኛ ባስ መጣ። ቢሮው ስለ መመሪያና ስለ ዕቅድ ብዙ ይናገራል፤ እኔ ግን ባሱ ሲሞላ ያየሁት በር በበር ነው።

እኔ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷ እምቢ አላትና ሲት ነፊሳ አገሯ ገባች። ብቻዬን ስሆን በእሷ ሥርዓት ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። አል ቶዋያ በሚባለው ሰፈር ትልልቅ ቪላ ውስጥ የሚኖሩት ልጆች ባሱን አሥር ደቂቃ ያስጠብቁ ነበር። የመጨረሻዎቹ በሮች አል ሙዋይጂ አሮጌ ሰፈር ናቸው። እዚያ ያሉት ልጆች በሰዓታቸው ለብሰው እየጠበቁ፣ ሰው ባስቆየው ባስ ክፍል ይረፍድባቸዋል፤ ያላጠፉት እነሱም በአስተማሪ ይገሠጻሉ። ይህ አንገበገበኝ። ሰዓት ገዛሁና "ከዛሬ ጀምሮ ለሁሉም በር ሦስት ደቂቃ" አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ ጥያት ሄድኩ። አባቷ ቢሮ ደወለ።

የትራንስፖርት ኃላፊያችን ኡስታዝ ሂሻም ዮርዳኖሳዊ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ ስልክ ግን ይፈራል። እንዳገሩ ልማድ በልጄ ስም፣ የራሕማ እናት ብሎ ነው የሚጠራኝ።

"ኡም ራሕማ፣ ለእሷ እንኳ አምስት ደቂቃ ብትጠብቂ?"

"ለእሷ አምስት ከሆነ ለሁሉም አምስት ነው። ሃያ ሁለት በር አለኝ። አንተ አስላው።"

አሰላው። ከዚያ በኋላ ስለ ሦስት ደቂቃ አላነሳብኝም። እኔም ኮራሁ። ባሱ ውስጥ የንጉሥ ልጅም ብትመጣ እኩል ናት እያልኩ እፎክር ነበር።

ሃያ ሁለተኛዋ በር ከአሮጌው ምሽግ አጠገብ ነበረች። እዚያ የምትኖረው ሐምዳ ትባላለች። ከወገኗ ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ ልጅ፣ ቀጭን፣ ድምፅ የሌላት፣ ሒሳብ የምትማር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳልም የሚባለውን ያጎቷን ልጅ አገባችና እዚያው ሰፈር ወደ አማቷ ቤት ገባች፤ የመጨረሻዋ በር ያቺ ሆነች። ሳላንኳኳ ነበር የምትወጣው፤ በቀለበት ፈንታ የማንኳኳበትን ቁልፌን ሳነሳ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ከበሩ ሥር ይሰማኛል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሰላማ አሏት። የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና በወለደች በሠላሳ አንደኛው ቀን ዋለ። አማቷ ኡም ሳልም አርባው ሳይሞላ አራስ ከቤት አትወጣም ብላ ነበር። ሐምዳ ስንት ቀን ለምናት "እሺ፣ ባሱ በር ላይ ተቀብሎ በር ላይ ከመለሰሽ፣ ለአንድ ቀን" አስባለቻት።

ሐምዳ ራሷ ደወለችልኝ፤ ልጆቹ ሁሉ ኻላ፣ አክስቴ፣ ነው የሚሉኝ። "ኻላ፣ ማክሰኞ እመጣለሁ።"

"ሦስት ደቂቃ" አልኳት እየሳቅኩ። እሷም ሳቀች።

ማክሰኞ በሩ ላይ ደረስኩ። የሩቅ ዘመዶች ሕፃኗን ሊጠይቁ መጥተው አድረው ነበርና መኪኖቻቸው በአጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ሦስት ጊዜ በቁልፌ መታሁ፣ ዞር አልኩ፣ ጀርባዬን ሰጠሁ። ሰዓቴን እያየሁ ሦስት ደቂቃ ቆጠርኩ፤ አንዲት ሰኮንድ አልሰረቅኩባትም። የነጠላ ጫማ ድምፅ አልሰማሁም። ሕፃኗን አሟት ይሆናል፣ ወይ አማትየዋ ሐሳቧን ለውጣለች ብዬ ባሱ ላይ ወጣሁ።

"ኸላስ፣ ባባ ጉል፣ እንሂድ።"

ሄድን። ልጆቹን ለፈተና አደረስኩ፣ ተምር አደልኩ፣ የሐምዳን ድርሻ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ።

በማግሥቱ ምን እንደሆነች ልጠይቅ አንኳኳሁ፤ የከፈተ የለም። በሦስተኛው ቀን የቤቱ ሠራተኛ ከፈተችልኝ። የወልድያ ልጅ ናት፣ ብርቱካን የምትባል።

"ሐምዳ ደኅና ናት?" አልኳት ባማርኛ።

"ደኅና ናት። ስታለቅስ ነው እንጂ የሰነበተችው።"

"ምን ሆና?"

ብርቱካን ወደ ግቢው ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። "እትዬ ዘሀራ፣ ያን ቀን ወጥታ ነበር እኮ። ሕፃኗ ጡት አልለቅ ብላት ትንሽ ዘገየች እንጂ ወጥታለች። በሩን ቀስ አድርጋ ከፍታ እጇን አውለበለበች። እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተው ሰዓት ያያሉ።"

"ለምን አልጠራችኝም?"

"እንዴት ትጥራዎት? እንግዶቹ ወንዶች እንግዳ መቀበያው፣ መጅሊሱ በር ላይ ቆመው ነበር። አራስ፣ እነሱ ፊት መንገድ ላይ ትጩህ? በባዶ እግሯ ነበረች፣ ጫማዋን እንኳ አላደረገችም። ልትሮጥ ስትል ባሱ ሄደ።"

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ግቢያቸውን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ጉል ኻን ሴቶች ሲገቡ ዓይኑን ከመሪው አያነሳም። ልጆቹ የመንገዱን ወንዶች ብለው መጋረጃውን ጋርደዋል። ሐምዳ ድምፅዋን አላወጣችም። ሁላችንም ጨዋ ነበርን። ጨዋነታችን ተባብሮ ልጅቷን ጥሏት ሄደ።

"አሁንስ ምን አሉ?" አልኳት።

"እማማ ኡም ሳልም 'ባሱ መጣ፣ ትቷት ሄደ፣ አላህ ፈቃዱን አሳየን' አሉ። ከእንግዲህ ኮሌጅ የለም ብለዋል። ባሏም እናቱን አይቃወምም።"

ያን ቀን ከሰዓት ኦምዱርማን ደወልኩ። ሲት ነፊሳ ሁሉንም እስከመጨረሻው አዳመጠችኝ።

"ጀርባሽን ስጪ ያልኩሽ ቤቱን ላለማየት ነው" አለችኝ። "ልጅቷን ላለማየት ነው ያልኩሽ?"

"ሦስት ደቂቃ ለሁሉም እኩል..."

"ለሁሉም እኩል? አራስና ኮረዳ በሦስት ደቂቃ እኩል ይለብሳሉ? ሂጂ፣ ቤቷ ሂጂ። ዓርብ የራስሽ ነው አይደል።"

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሄድኩ። ኡም ሳልም የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። የኔ እኩያ ናት። ጣቶቿ በሒና የጠቆሩ፣ ፊቷ ላይ ያገሩ አሮጊቶች የሚያደርጉት የሚያብረቀርቅ ጭምብል ያለ ሴት። ሐምዳ ከጥጉ ሕፃኗን ይዛ ቀና አላለችም።

"የባሱ ሴት ነሽ" አለችኝ ኡም ሳልም።

"ነኝ።"

"ጥለሻት ሄድሽ።"

"አዎ፣ ጥያት ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጥፋቴን በአላህ ላይ አታላክኪብኝ።"

ሐምዳ ቀና አለች። ኡም ሳልም ጭምብሏን አስተካከለች።

"ምላስ አለሽ" አለች። "ማንበብስ ትችያለሽ?"

"ባማርኛ እስከ አራተኛ ክፍል። ዓረብኛውን አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከባሱ ልጆች ተማርኩ፤ የመንገድ ስም አነባለሁ።"

"እኔ ያንንም አልችልም። የመድኃኒቴን ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ናት። ተምራ ሥራ የያዘች እንደሆነ ለኔ ማን ያነብልኛል? ደግሞ ያነበበ ሰው ያላነበበውን ይጠየፋል።"

ሐምዳ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። "አማቴ፣ መቼ ተጠየፍኩሽ?" ብቻ አለች። ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቻላል። ኡም ሳልም ወደ ሕፃኗ ጠቆመችኝ።

"ይህቺስ? ጡት እንጂ ሌላ አትቀበልም። እናቷ ፈተና ላይ ቀኑን ስትውል በምን ትዋል?"

ያልኩት ነገር ሳላስበው ነው የወጣው። "ሕፃኗን ይዘሽ አንቺም ባሱ ላይ ነይ። በእረፍት ሰዓት ታጥባታለች።"

ሳቀች። ከዚያ እንዳልቀለድኩ አየች። "ወረቀት አምጪ" አለችኝ። "ፈተናውን ዳግም እንሰጣታለን የሚል። እኔንም እናስገባለን የሚል። ያኔ እናያለን።"

እሑድ ጠዋት ኡስታዝ ሂሻም ቢሮ ገባሁ። ባስ ላይ ተማሪ ያልሆነ ሰው አይሳፈርም የሚለውን ሕግ ከማንም በላይ የማስከብረው እኔ ነበርኩ። ሁለት ልጆች የአክስታቸውን ልጅ ይዘው ሲመጡ በር ላይ መልሻለሁ።

"አንቺ አይደለሽ ሕግ ሕግ እያልሽ የምታስጨንቂኝ?" አለኝ።

"ሕጉ ልክ ነው። የቆምኩበት ቦታ ነው ልክ ያልነበረው።"

"የፈተና ክፍሉ የሚቀበለው ስህተቱ የትራንስፖርት ከሆነ ብቻ ነው። ያ ማለት አንቺ መፈረም አለብሽ። ፋይልሽ ውስጥ ይገባል።"

"ይግባ።"

ባማርኛ ፈረምኩ። ስለ አማትየዋ ጭንቅላቱን ይዞ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ "አጃቢ" ብሎ ጻፈላት። ዝም ብሎ የሚፈራ ሰው አልነበረም፤ ሲፈራም ይሠራ ነበር።

ፈተናው በተሰጠበት ቀን አርባው ሞልቶ ነበር። ኡም ሳልም ሕፃኗን አቅፋ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኮሌጁ ውስጥ የሶላት ክፍሉ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸው። በእረፍቱ ሐምዳ እየሮጠች መጣች፣ አጠባች፣ እየሮጠች ተመለሰች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰዓት ልይ ስል ኡም ሳልም አየችኝ።

"ያን ሰዓት አውልቂው" አለችኝ። አወለቅኩት።

ሐምዳ አለፈች። ኡም ሳልም ደግሞ ሰላማ ጡት እስክትተው ባሱን አልለቀቀችም። የፊተኛው ወንበር የሷ ሆነ። የአል ቶዋያ ልጆች እኔ በሰዓት ያላስተካከልኳቸውን እሷ በምላስ አስተካከለቻቸው። አንዷ ዘግይታ ስትወጣ "ሕፃን የምታጠቢ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከንፈር እየቀባሽ ነው" ትላታለች፤ በማግሥቱ ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። እነሱም በበኩላቸው የመድኃኒት ካርቶኗን እያስያዙ ፊደል አስቆጠሯት። የደም ግፊቷን ክኒን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ስታነብ ባሱ በሙሉ አጨበጨበ። ጉል ኻን እንኳ ከመሪው ቀና ብሎ በመስተዋቱ አየን፤ ከዚያ አፍሮ ዓይኑን መለሰ።

እኔም አቋቋሜን ለወጥኩ። ከዚያ ወዲህ ለበር ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም። ትከሻዬን ለበሩ አድርጌ፣ ዓይኔን ደፉ ላይ እጥላለሁ። ግቢው አይታየኝም፤ የአባያ ጫፍና ጫማ ግን አያመልጠኝም። ለአዲስ ሙሽሪፋዎች ሁሉ መጀመሪያ ያስተማርኩት ይህን ነው። ሦስቱ ደቂቃ ቀረ ማለት አይደለም። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ግን አንዴ እንደገና አንኳኳለሁ፤ "ልጄ፣ ምን ገጠመሽ?" እላለሁ። ከገጠማት እጠብቃለሁ። ከንፈር ከሆነ እሄዳለሁ።

ሐምዳ ተመርቃ የሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማሪ ሆነች። የራሷን መኪና ትነዳለች፤ ጠዋት ባሳችንን ስታልፍ መብራት ታበራልናለች። ስለዚያ ማክሰኞ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። አሁን ብዙዎቹ ልጆች እንደሷ በራሳቸው መኪና ነው የሚሄዱት። ባሱ ሁለት ጊዜ ግማሹ ባዶ ሲሆን አይቻለሁ፤ መጀመሪያ አባቶቹ ስለማይሰጧቸው፣ ኋላ ራሳቸው ስለሚነዱ። በሁለተኛው ባዶነት አልከፋኝም።

የመጨረሻው የሥራ ቀኔ ላይ የምትተካኝ ልጅ አብራኝ ነበረች። ሒክማ ትባላለች፣ የጅማ ልጅ። ካገሯ በአካውንቲንግ ዲግሪ ይዛ መጥታ ሙሽሪፋ መሆኗ ያናድደኛል። ወረቀቷን እዚህ አገር አስመዝግቢ ብዬ እስክትሰለቸኝ ነግሬያታለሁ፤ ከዚህ በኋላም በስልክ እነግራታለሁ። በእጇ ታብሌት ይዛለች። ባሱ በር ላይ ሲደርስ መቁጠር ይጀምራል፣ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ቀይ ይሆንና ይጮሃል።

የመጨረሻዋ በር አሁንም ያቺው ናት። ሰላማ ዘንድሮ አንደኛ ዓመት ገብታለች። እንደ እናቷ ሳይንኳኳ ነው የምትወጣው። ያን ቀን አልወጣችም። በቁልፌ ሦስት ጊዜ መታሁ። ዓይኔን ደፉ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

ታብሌቱ ጮኸ።

"እትዬ፣ ቀይ ሆነ። ቀጥሉ ይላል" አለች ሒክማ።

"ይበል።"

"ሾፌሩም ጋ ይታያል እኮ።"

እንደገና አንኳኳሁ። "ልጄ፣ ምን ገጠመሽ?" ብዬ ጠየቅኩ። መልስ የለም። ወደ ባሱ ተመለስኩና አንድ እግሬን ደረጃው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አደረግኩ። ሰው የቆመበት በር አይዘጋም፤ በሩ ካልተዘጋ ባሱ አይንቀሳቀስም። ማሽኑም ይህን ያውቃል።

ከኋላ አንዷ "ኻላ ዘሀራ፣ ለኔ አምስት ደቂቃ ጠብቀሽኝ አታውቂም" አለች።

"ሲገጥምሽ ይጠበቅልሻል።"

"ነገ እኮ አንቺ የለሽም።"

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ጉልበቴ ሲት ነፊሳን ያማት ቦታ ላይ ያመኝ ጀምሮ ነበር። ስድስት ደቂቃ አለፈ።

በሩ ተከፈተ። ደፉ ላይ መጀመሪያ የታየኝ የሰላማ ነጭ ጫማ ሳይሆን የከዘራ ጫፍ ነው። ኡም ሳልም ጎንበስ ብላ ወጣች። ሰላማ ከኋላዋ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ሻሿን አሥራ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች ትከተላታለች።

"ስንት ደቂቃ ቆምሽ?" አለችኝ ኡም ሳልም።

"ሰባት።"

"ልጅቷ ከመጀመሪያው ከበሩ ሥር ቆማለች። እኔ ነኝ ክንዷን የያዝኳት።"

"ለምን?"

"ልትሄጂ ነው አሉኝ። ሳትሄጂ ላይሽ ፈለግኩ።" ከዚያ ከዘራዋን ወደ ሒክማ ዘረጋች። "ይህቺስ? ትጠብቃለች?"

ሒክማ እኔን አየች፣ አሮጊቷን አየች። ታብሌቱ ዳግም ሲጮህ ገልብጣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

"እጠብቃለሁ፣ እናቴ" አለች በተሰባበረ ዓረብኛ።

ኡም ሳልም የሰላማን ክንድ ግን ገና አልለቀቀችም። ዓይኗ ጭምብሉ ውስጥ ረጥቦ አየሁት። የኔም እንዳይታይብኝ ነው ቶሎ የተናገርኩት።

"በይ ልጅቷን ስጪኝ" አልኳት። "ሌሎቹ ረፈደባቸው።"

ሰጠችኝ። የባሱን በር ዘጋሁና ስም ጠራሁ። የቀረ አልነበረም።